ጥሩምባ ነፊው አያ ዘውዱና በቀቀናቸው ጸዳለ

አያ ዘውዱ የሰፈራችን ዕድር ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው፣ ከኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በታች ያለውን ሰፈር በሙሉ በእግራቸው ይዞራሉ። በየመታጠፊያው ቆመው ጥሩምባውን ረዘም አድርገው ይነፉና፣ «ስማ! ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይላሉ። ከዚያ የሟቹን ስም ጠርተው «አርፈዋል» ብለው ወደሚቀጥለው መታጠፊያ ይሄዳሉ። ደብረ ታቦር ውስጥ ስልክ የሌለው ሰው ጥቂት ነው። ኔትወርኩ ግን አንድ ሰሞን ይኖራል፣ አንድ ሰሞን አይኖርም፤ ሞት ደግሞ ኔትወርክ እስኪመጣ አይጠብቅም። ዕድሩ አያ ዘውዱን ይዞ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ሞት በሌለበት ቀን በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ጃንጥላ ይጠግናሉ። የእኔ ሱቅ ከበራቸው ፊት ለፊት ስለሆነ፣ ስለ እሳቸው የማወራውን አብዛኛውን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ የቀረውን ጎረቤት ነግሮኛል።

ሰው አያ ዘውዱን ያከብራቸዋል። ወደ በሩ ሲመጡ ማየት ግን አይወድም። አንድ ማለዳ ጨው አልቆባቸው ወደ አንዲት ጎረቤት ሄዱ። ሴትዮዋ በአጥሩ ቀዳዳ ሲያዩዋቸው እሪ ብለው መሬት ላይ ወደቁ። አያ ዘውዱ «ጨው ነው፤ ጨው ፈልጌ ነው» ብለው እስኪያስረዱ ድረስ ግቢው በሰው ሞላ፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የመጣችም ነበረች። ከዚያ ወዲህ ጨው ከእኔ ሱቅ ነው የሚገዙት።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰለፈች ያረፉ ለት የዕድሩ ሰዎች፣ «ዛሬስ ሌላ ሰው ይንፋ፤ እርስዎ ይቀመጡ» ብለዋቸው ነበር።

«ሌላ ሰው መታጠፊያዎቹን አያውቃቸውም» አሉና ወጡ።

በየመታጠፊያው ቆመው «ወይዘሮ አሰለፈች፣ የዘውዱ ባለቤት፣ አርፈዋል» ሲሉ ሰማናቸው። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነበር። ዙሩን ጨርሰው ጥሩምባውን ምስማሩ ላይ ሰቀሉ፤ ድንኳን ገብተው ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጡ። ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው።

ልጅ አልወለዱም። ለቅሶው ከተበተነ በኋላ ቤታቸው ውስጥ የሚሰማው የራዲዮኑ ድምፅ ብቻ ሆነ። ራዲዮኑንም የሚከፍቱት ለዜና ነው፤ ዜናው ሲያልቅ ይዘጉታል።

የወይዘሮ አሰለፈች የወንድም ልጅ ፋሲል አይሱዙ ይነዳል። አንድ የበጋ ቀን ከመተማ ሰሊጥ ጭኖ ወደ ወረታ ሲመጣ፣ ሥራውን ጨርሶ እኛ ሰፈር ብቅ አለ። ክንዱ ሥር ቀዳዳ ቀዳዳ የበዛበት የብስኩት ካርቶን ይዟል። ካርቶኑን በረንዳው ላይ አስቀምጦ ከፈተው። አያ ዘውዱ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ይሄ ምንድን ነው? ጫጩት ነው?»

«በቀቀን ናት፣ አያ። ገና ልጅ ናት። ዛፍ ሲቆርጡ ከጎጆዋ ወድቃ አገኘኋት። ስታድግ ትናገራለች።»

«ምን ትናገራለች?»

«ያስተማሯትን ነዋ።»

«እኔ ምን አውቄ ነው የማስተምራት?»

ፋሲል ካርቶኑን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገው። «ብቻዎን ከሚሆኑ ብዬ ነው» አለና ሄደ።

በካርቶኑ ውስጥ ያለችው ፍጥረት እንደ ሐምሌ ማሳ አረንጓዴ ናት። መንቆሯ ቀይ ነው፤ ጅራቷ ገና እያደገ ነበር። ከጉና የሚወርደው ብርድ ስለመታት፣ ላባዋን ነፍታ ትንቀጠቀጣለች። አያ ዘውዱ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ሱቄ መጥተው፣ «ዓለሚቱ፣ በቀቀን ምን ይበላል?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። ከየሸቀጡ ጥቂት ጥቂት ዘግኜ ሰጠኋቸው፤ ስንዴ፣ ሱፍ፣ ሽምብራ፣ ሙዝ፣ ቃሪያ። ከሁሉም መርጣ ቃሪያውን በላች። ያውም ከነፍሬው። ዓይኗ አላነባም። አያ ዘውዱ ተገረሙ፤ እሳቸው ቃሪያ አይደፍሩም።

ስሟን ጸዳለ አሏት። ብረት በያጁ ጋ ሄደው የሽቦ ቤት አሠሩላት። ለብርዱ መላ ፈጠሩ፦ ማታ ማታ ሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውኃ ይሞሉና በአሮጌ ጋቢ ቁራጭ ጠቅልለው አጠገቧ ያስቀምጡላታል። ጸዳለ ጠርሙሱን ተደግፋ ታድራለች። ውኃው የቀዘቀዘ እንደሆነ ታንኳኳለች፤ አያ ዘውዱ ይነሣሉ።

ውሎዋም የራሱ ሥርዓት አለው። ጎህ ሲቀድ አያ ዘውዱ የሽቦ ቤቱን አውጥተው በረንዳው ላይ ይሰቅሉና ኪዳን ለማድረስ ወደ ኢየሱስ ይሄዳሉ። ሲመለሱ ገና ከመንገዱ ራስ ላይ የእግራቸውን ኮቴ ታውቀዋለች፤ ሽቦውን በመንቆሯና በእግሯ እየያዘች ላይና ታች ትላለች፣ ትጮኻለች። በዚህ ሰፈር አያ ዘውዱ ሲመጡ የሚደሰት ፍጥረት ሲገኝ የመጀመሪያው ይህ ነው። እሳቸውም ነገሩን አስተውለውት ይሆናል፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ፈጠን ፈጠን ማለት ጀመሩ።

ከቁርስ በኋላ በሩ ይከፈትላታል። ትከሻቸው ላይ ትወጣና ሥራቸውን ትቆጣጠራለች። ጥቁር ጃንጥላ አትወድም፤ ሲዘረጋ ጀርባዋን ትሰጣለች። ዝንጉርጉር ጃንጥላ ከሆነ ግን ሥሩ ገብታ ትቀመጣለች። ካህናቱ የሚያሠሩት ባለ ወርቅ ዘርፍ ጥላ ሲመጣ ከእሷ መደበቅ ያስፈልጋል፤ ዘርፉን እየነቀለች ትጥላለች። የአያ ዘውዱን ኮት ቁልፎች በሙሉ በልታ ጨርሳለች፤ ኮቱን አሁን የሚዘጉት በመርፌ ቁልፍ ነው። የጎረቤት አውራ ዶሮ አጥር ላይ ወጥቶ ሲጮኽ እስኪጨርስ ጠብቃ፣ ከዚያ እሷ ከእሱ አስበልጣ ትጮኻለች። ዶሮው አሁን አጥር ቀይሯል። ድመትን አትፈራም። ራዲዮ ሲከፈት ትቆጣለች፤ ከእሷ ሌላ ሰው እንዲያወራ አትፈልግም።

የአቋቋም መምህሩ መምህር ገብረመድኅን ጃንጥላቸውን ለማሠራት በመጡ ቁጥር ያዩዋት ነበር። አንድ ጊዜ በዐቢይ ጾም መጡና፣ «ትጾማለች?» ብለው ጠየቁ።

«ሥጋም ወተትም አትቀምስም፣ የኔታ።»

«በፋሲካስ?»

«በፋሲካም።»

መምህሩ ጠጋ ብለው አዩዋት። «እንዲህ ያለ ባሕታዊ አላየሁም» አሉ። ጸዳለ በዚህ ጊዜ የመምህሩን የጃንጥላ እጀታ እየላጠች ነበር።

ንግግሯ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። አያ ዘውዱ መርዶ ሊያሰሙ ከመውጣታቸው በፊት ቤት ውስጥ ይለማመዳሉ። ስም እንዳይሳሳቱ ነው፤ የሞተን ሰው ስም መሳሳት ከባድ ነገር ነው ይላሉ። ድምፃቸውን ጠርገው፣ በዝግታ «ስማ፣ ያልሰማህ ስማ» እያሉ ከነስሙ ደጋግመው ይጨርሱታል። የሚለማመዱት ደግሞ በጸዳለ ቤት ፊት ቆመው ነው፤ ሌላ ሰሚ የላቸውም።

መጀመሪያ «ስማ!» ማለት ቻለች። ልክ እንደ አያ ዘውዱ ጎርነን ያለ ድምፅ ነው። ሱቄ የሚመጣ ገበያተኛ «አቤት!» እያለ ዞር ይል ነበር። ቀጥላ የጥሩምባውን ድምፅ አወጣች፤ ይህንን ግን በቀስታ፣ ለብቻዋ ስትሆን ነው የምትለማመደው። አያ ዘውዱ ደስ ብሏቸው ነበር። «ጎበዝ ናት» አሉኝ፤ ከዚያ በላይ አላሉም፤ ነገር ማብዛት አይወዱም።

አሁን ስለ ጎረቤቶቻቸው መናገር አለብኝ። አጥር ለአጥር የሚዋሰኗቸው አቶ ሙላቴና ባለቤታቸው እትዬ ዝናሽ ናቸው። አቶ ሙላቴ የዕድሩ ዳኛ ናቸው፤ ከአያ ዘውዱ ጋር አብረው ያደጉ ጓደኛሞች ናቸው። አቶ ሙላቴ ጓሮ ከገቡ አይወጡም፤ ሲጠሩም አይሰሙም። እትዬ ዝናሽ ከጠዋት እስከ ማታ «ሙላቴ! ኧረ ሙላቴ!» ሲሉ ይውላሉ። አቶ ሙላቴ በመጀመሪያው ጥሪ አቤት ያሉበት ቀን የለም። ስለዚህ ጸዳለ በቀን ውስጥ ከማንም ስም በላይ የምትሰማው የእሳቸውን ስም ነበር።

ነገሩ የተፈጠረው ባለፈው ዓመት ሐምሌ ነው። ጉም ከመውረዱ የተነሣ ከሱቄ በር ሆኜ የአያ ዘውዱን በረንዳ ማየት አልቻልኩም። አቶ ሙላቴ ጋፋት ያለውን የድንች ማሳቸውን ሊያዩ በጨለማ ወጥተው ሄደዋል። አያ ዘውዱ እንደ ልማዳቸው ጸዳለን በረንዳው ላይ ሰቅለው ኪዳን ሄደዋል። በዚያ ጉም ውስጥ ጥሩምባ ተነፋ። ረዘም ያለ ነው። ከዚያ፣

«ስማ! ያልሰማህ ስማ! ሙላቴ አርፈዋል!»

የአያ ዘውዱ ድምፅ ነው፤ እኔ ራሴ አልተጠራጠርኩም። የያዝኩትን ኪሎ ስኳር አስቀምጬ ወጣሁ። እትዬ ዝናሽ ከማድ ቤት ወጥተው ጓሮው መካከል ቆመዋል። ባላቸው ጋፋት መሄዳቸውን ያውቃሉ፤ በመንገድ ላይ አንድ ነገር አግኝቷቸው ለዕድሩ ቀድሞ እንደተነገረ ገባቸው። እጃቸው ላይ ሊጥ ነበር። በሊጡ እጅ ራሳቸውን ያዙና ጮኹ።

ሰው ከየቤቱ ወጣ። የድንኳን ኃላፊው አዳነ በሥራው ቀልጣፋ ነው፤ ወዲያው ብረቱንና ሸራውን አስጭኖ ደረሰ። ዝናብ ማካፋት ጀምሯል። አግዳሚው ወንበር ተደረደረ። እትዬ ዝናሽ የባላቸውን ካፖርት ታቅፈው፣ «ድንቹ ይቅር አላልኩህም? ድንቹ ይቅርብን አላልኩህም?» እያሉ ያለቅሳሉ። እኔም አለቀስኩ።

አያ ዘውዱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በጓደኛቸው ደጅ ድንኳን አዩ። አዳነ ገመድ እየወጠረ ነበር።

«ማን ነው?» አሉት።

«አቶ ሙላቴ ናቸው እንጂ።»

«ሙላቴ?»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ የነገሩን!»

አያ ዘውዱ ቆመው አሰቡ። መናገራቸውን አላስታወሱም። በኋላ ሲነግሩኝ፣ «ሐዘኑ አእምሮዬን ነካው ብዬ ተቀበልኩት» ነው ያሉት። ከዚያ የሥራቸው ነገር ታወሳቸው። የላይኛው ሰፈር ሰው እስካሁን አልመጣም፤ ያልሰማ አለ ማለት ነው። ቤት ገብተው ጥሩምባቸውን ከምስማሩ አወረዱ። እንባቸው እየወረደ፣ ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው ሆኖ፣ በየመታጠፊያው እየቆሙ የጓደኛቸውን ሞት ተናገሩ። ይኸኛው እውነተኛው አዋጅ ነበር፤ ስሙ ከነአባት ተጠርቷል።

በመጨረሻው መታጠፊያ፣ ከጋፋት የሚመጣው መንገድ በሚገናኝበት ቦታ፣ ጥሩምባውን ነፍተው «አርፈዋል» ብለው ሲጨርሱ፣ ከጉሙ ውስጥ አንድ ሰው በትከሻው ማዳበሪያ ተሸክሞ ወጣ። አቶ ሙላቴ ናቸው። ማዳበሪያው ውስጥ አዲስ ድንች አለ።

«ማን ሞተ አልህ?» አሉ።

«አንተ።»

«መቼ?»

«ጠዋት ነው አሉ።»

አቶ ሙላቴ ማዳበሪያውን መሬት አስቀመጡ። «ማን ነገረህ?»

«እኔ ነኝ አሉ የተናገርኩት። ድንኳን ተተክሏል።»

«ዝናሽስ?»

«ታለቅሳለች።»

«ክፉኛ?»

«ክፉኛ።»

አቶ ሙላቴ ጭቃውን ከጫማቸው አራገፉ። የከፋቸው አይመስሉም ነበር ይላሉ አያ ዘውዱ። ከዚያ ማዳበሪያውን በሁለት ወገን ይዘው ተያይዘው መጡ። በመንገድ ላይ ያገኟቸው ሁለት ቄሶች ፊታቸውን አማትበው ዳር ያዙላቸው።

ድንኳኑ ዘንድ ሲደርሱ አዳነ ጀርባውን ሰጥቶ ካስማ ይመታል። አቶ ሙላቴ የዕድሩ ዳኛ ስለሆኑ፣ በመጀመሪያ ያዩት ካስማው ጠማማ መሆኑን ነው።

«በነፋሱ በኩል አዘንብለው እንጂ» አሉት።

«እሺ» አለና አስተካከለ፤ ከዚያ ዞሮ አያቸው። መዶሻው ከእጁ ወደቀ።

እትዬ ዝናሽ ባላቸውን ባዩ ጊዜ መጀመሪያ በታቀፉት ካፖርት መቷቸው። ደጋግመው መቷቸው። ከዚያ አንገታቸው ላይ ተጠምጥመው እንደገና አለቀሱ። ለቀስተኛው ተቀምጦ ይቆይ ወይስ ይነሣ ስላላወቀ ባለበት ቆየ። ማን ነው ይህን ያወራው የሚል ጭቅጭቅ ተነሣ። ሁሉም አያ ዘውዱን ያያል። አያ ዘውዱ ራሳቸውን ያዩ ነበር።

በዚህ መካከል ከበረንዳው በኩል ጥሩምባ ተነፋ።

«ስማ! ያልሰማህ ስማ! ሙላቴ አርፈዋል!»

ሁሉም ሰው ዞረ። ጸዳለ ከሽቦ ቤቷ ጣሪያ በእግሯ ተንጠልጥላ፣ ራሷን ቁልቁል አድርጋ አቶ ሙላቴን ታያቸዋለች። አቶ ሙላቴም አዩዋት። ማንም አልሳቀም። የመጣው ሰው ንፍሮ ቀርቦለት ስለነበር፣ ንፍሮውን በልቶ ሄደ።

በሚቀጥለው እሑድ ዕድሩ ተሰበሰበ። አቶ ሙላቴ ተነሥተው፣ «እኔ በዚህ ጉዳይ ሟች ነኝ፤ ሟች ዳኛ ሊሆን አይገባም» አሉና ወንበሩን ለመምህር ገብረመድኅን ለቀቁ።

አዳነ ከሳሽ ሆኖ ቆመ። ድንኳኑ በዝናብ ርሶ ሻግቷል፤ በደንቡ ደግሞ በሐሰት መርዶ የተናገረ ይቀጣል አለ።

«ደንቡ የሚቀጣው አባልን ነው። ወፏ አባል ናት?» አሉ መምህሩ።

«አይደለችም።»

«እንግዲያስ?»

«ከሰፈር ትውጣ። ጣራ ገዳም ጫካ አለ፤ እዚያ ትለቀቅ።»

መምህሩ አሰቡበት። «ጣራ ገዳም ብርድ ነው። እሷ የቆላ ፍጥረት ናት፤ አታድርም። ደግሞ መነኮሳቱ በሱባኤ ላይ ሳሉ ከዛፍ ላይ 'ሙላቴ አርፈዋል' የሚል ድምፅ ቢሰሙ፣ ፍትሐት ሊያደርሱላቸው ይችላሉ። ሰውየው ግን በሕይወት አሉ።»

ይህ ከባድ ነጥብ ሆኖ ተገኘ። ቢሆንም ብዙው ሰው ወፏ ወደ መተማ ትመለስ አለ። ይህን ጊዜ አያ ዘውዱ ተነሥተው ጥሩምባውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«እሷ የተናገረችው ከእኔ የሰማችውን ነው። ሌላ ያስተማራት የለም። እሷ ከምትሄድ እኔ ልተው» አሉና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ስብሰባው ወፏን ትቶ ጥሩምባውን ያዘ። መርዶውን አዳነ እንዲያሰማ ተወሰነ። አዳነ ዘመናዊ ሰው ነው፤ በባትሪ የሚሠራ የእጅ ድምፅ ማጉያ አመጣ። ብዙም ሳይቆይ ከላይኛው ሰፈር ወይዘሮ ፋሲካ የሚባሉ አሮጊት አረፉ። አዳነ በማለዳ ዞረ። ማጉያው ድምፁን ቀጭንና ፈጣን አደረገው። በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲህ ባለ ማጉያ የሚዞር የአይጥ መርዝ ሻጭ አለ፤ ሰው ሁሉ እሱ መስሎት ተኝቶ ቀረ። አንዳንዶች እንዲያውም በመስኮት «የለንም አይጥ!» ብለው መለሱ። ወይዘሮ ፋሲካን ቤተሰባቸውና ካህናቱ ብቻ ሆነው ቀበሯቸው። ሰፈሩ በዚህ በጣም አፈረ። ሰው ሳይሸኘው መቀበር በእኛ ዘንድ ትንሽ ነገር አይደለም።

በማግሥቱ እትዬ ዝናሽ ጥሩምባውን ከአዳነ ቤት ተቀብለው የአያ ዘውዱን በር አንኳኩ። ቃሪያ ልሰጥ መጥቼ ስለነበር እኔም ነበርኩ።

«አያ ዘውዱ፣ ያስለቀሰችው እኔን ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ከእኔ የበለጠ የተበደለ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው እኔ ምሬያታለሁ። ይያዙ ጥሩምባዎን። እኔ ስሞት ያ ልጅ በአይጥ መርዝ ሻጭ ድምፅ እንዲናገርብኝ አልፈልግም።»

አያ ዘውዱ ጥሩምባውን ተቀብለው በጨርቅ ወለወሉት። መልሰው ምስማሩ ላይ ሰቀሉት።

«ግን የሙላቴን ስም ከአፏ አወርደዋለሁ» አሉ እትዬ ዝናሽ። «አስተምራታለሁ።»

ጀመሩም። ረፋድ ረፋድ ላይ ወንበር ይዘው ይመጡና ቃሪያ እያሳዩ፣ «ሙላቴ ደህና ነው። በይ፣ ሙላቴ ደህና ነው» ይሏታል። ጸዳለ ራሷን ዘንበል አድርጋ በጥሞና ትሰማለች፤ ቃሪያውን ትቀበላለች፤ ትበላለች። አንድም ቀን አልመለሰችም። የምሳ ሰዓት ሲደርስ እትዬ ዝናሽ ተስፋ ቆርጠው ይነሡና በአጥሩ ላይ፣ «ሙላቴ! ና ብላ!» ብለው ይጣራሉ። ጸዳለ የተማረችው ይህንን ነው።

አንድ ቀን በረንዳው ላይ ጥሩምባ ተነፋና፣ «ስማ! ያልሰማህ ስማ! ሙላቴ አርፈዋል! ና ብላ!» የሚል ተሰማ። እትዬ ዝናሽ ወንበራቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ዕድሩ ነገሩን ተመልክቶ በቂ ነው አለ። መርዶ ተሰምቶ መጨረሻው ላይ የምግብ ጥሪ ካለበት፣ ሞት እንዳልሆነ አባላት በሙሉ እንዲያውቁት ተነገረ። ከዚያ ወዲህ በስሕተት ድንኳን አልተተከለም። የተቸገሩት አቶ ሙላቴ ብቻ ናቸው፤ ሚስታቸው ይጥሩ ወፏ ትጥራ መለየት ስላልቻሉ በመጀመሪያው ጥሪ መምጣት ጀምረዋል። አንዳንዴ ምሳ ሳይደርስ መጥተው ማድ ቤት በር ላይ ይቆማሉ። እትዬ ዝናሽ ይህንን አልጠሉትም።

ሰውም ጸዳለን ለማየት ወደ አያ ዘውዱ ቤት መምጣት ለመደ። ጃንጥላቸው ያልተሰበረም ይመጣሉ። ከሐሙሲት ለገበያ የመጣ ሰው ሳይቀር ጠይቆ ይገባል። አያ ዘውዱ ተጨማሪ አግዳሚ ወንበር አሠርተዋል፤ ሥራ አስፈቱኝ እያሉ ያማርራሉ፤ ሰው የቀረ ለት ግን በር በሩን ያያሉ።

ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ እትዬ ዝናሽ በረንዳው ላይ ሲገቡ ደንግጠው ቆሙ።

«አያ ዘውዱ! ምን አድርጋ ነው አንገቷን በክር ያሠሯት?»

«ማንን?»

«ጸዳለን ነዋ! ጥቁር ክር!»

አያ ዘውዱ መነጽራቸውን አድርገው አዩ። እውነትም በአንገቷ ዙሪያ ጥቁር ነገር አለ፤ ከጥቁሩ በስተኋላ ቀላ ያለ መስመር ይታያል። ሊፈቱት ቢሞክሩ ጸዳለ ጣታቸውን ነከሰቻቸው። ክር አይደለም፤ ላባዋ ነው። ታማለች ብለው ቀኑን ሙሉ አልበሉም። ኔትወርክ ሲመጣ በእኔ ስልክ ፋሲል ዘንድ ተደወለ።

«አያ፣ አልታመመም» አለ ፋሲል ከመተማ። «ወንድ ሆኖ ነው። ሴቷ ማተብ የላትም፤ ወንዱ ነው ሲጎለምስ ማተብ የሚያወጣው።»

«ወንድ?»

«ወንድ።»

አያ ዘውዱ ስልኩን መልሰው ሰጡኝ። ለጥቂት ጊዜ ጃንጥላ ሲጠግኑ ቆዩና መምህር ገብረመድኅን ሲመጡ ጉዳዩን አቀረቡ። ስሙ ይቀየር ወይ ነው ጥያቄው። መምህሩ ወፏን ከፊትም ከኋላም አዩ።

«ክርስትና አልተነሣም፤ መቀየር ይቻላል» አሉ። «ግን ጸዳል ብርሃን ማለት ነው። ብርሃን ወንድና ሴት የለውም። ማተቡን ደግሞ ያለ ሰው ምክር በራሱ አስሯል። እኔ ብሆን አልነካውም።»

ስሙ በዚህ ጸና። የቀረው አንቺና አንተ ነው። አያ ዘውዱ በማግሥቱ ጠዋት በጭንቅ «አንተ፣ እንደምን አደርህ?» አሉት። ጸዳለ ጀርባውን ሰጣቸው። ቃሪያውን «እንካ» ቢሉት አልተቀበለም፤ እስከ ረፋድ ድረስ እንደተኮራረፉ ቆዩ። እኔም እንዴት እንደምጽፈው ስለቸገረኝ እስከዚህ ድረስ በሴት አወራሁት።

ዛሬ ማለዳ ሱቄን ስከፍት አያ ዘውዱ ከኪዳን ተመልሰው በረንዳው ላይ ቆመዋል። ቃሪያውን ለሁለት ሰብረው፣ በሽቦው መካከል አሹልከው፣ ሰው እንዳይሰማቸው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እንኪ» ሲሉ ሰማኋቸው።